ለሆስፒታሉ እናመስግን፣ ሐሳቡን ግን እንመርምር

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፌርፋክስ ላይ ቡና የጠጣ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። አራት አምስት ጋሼዎች አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ወሬው ከቤት ኪራይ ይጀምርና አገር ቤት ይደርሳል፤ ከአገር ቤት ተነሥቶ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ሩሲያ ላይ ያርፋል። በቅርቡ ከአባቴ ጋር ተቀምጬ ስሰማ አንደኛው ጋሼ እንዲህ አሉ፦ «ሩሲያ እኮ እንደ ሌላው አገር አይደለችም። ራሷን የቻለች ሥልጣኔ ናት። ኦርቶዶክስ ናት፣ በዓድዋ ጊዜ ከኛ ጋር ቆማለች፣ ቅኝ ገዝታን አታውቅም። ፑሽኪንስ ቢሆን የማን ዘር ነው?»

ጠረጴዛው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ፊቴ ላይ የሆነ ነገር ታይቶብኝ ይሆናል፣ ወደ እኔ ዞሩና «እናንተ እዚህ ያደጋችሁት ሲኤንኤን የነገራችሁን ብቻ ነው የምታምኑት» አሉኝ። ግማሹ እውነት ስለሆነ አመመኝ። መልስም አልሰጠሁም፤ በሃያ ዓመቴ የአባቴን ጓደኞች አደባባይ ላይ መከራከር አልተለማመድኩም። ስለዚህ መልሴን እዚህ መጽሔታችን ላይ እጽፈዋለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሆስፒታሉ ልጀምር። የነርሲንግ ተማሪ ስለሆንኩ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አሸነፍን ስንል ቁስለኛ አልነበረንም ማለታችን አይደለም። ከዚያ ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ጥይት በሰውነቱ ይዞ ተመልሷል። በዚያው ዓመት በ1896 ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል የሐኪሞች ቡድን በጅቡቲና በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ ገባና ማከም ጀመረ። ሥራው ቀጥሎ የሩሲያ ሆስፒታል እስከ 1906 አዲስ አበባ ውስጥ ቆየ። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን የቆየ የጥይት ቁስል ማጠብና ፋሻ በየቀኑ መቀየር ምን ዓይነት ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አሁን ትንሽ ትንሽ እየገባኝ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የሶቪየት ቀይ መስቀል ዛሬ የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል የምንለውን አቋቋመ። በ1963 ሶቪየቶች የረዱት የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተከፈተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ሞስኮ፣ ሌኒንግራድና ኪየቭ ሄደው ሐኪምና መሐንዲስ ሆነው ተመልሰዋል። (ኪየቭን ልብ በሉልኝ፤ «ሩሲያ ተማረ» የምንለው ስንቱ ሰው ዩክሬን ነው የተማረው።)

ስለዚህ ጋሼ ስለ ውለታው የተናገሩት እውነት ነው። ውለታ የማይቆጥር ሕዝብ መሆን አልፈልግም። የእኔ ጥያቄ ውለታው እንዴት ሆኖ የፖለቲካ እምነት ማስያዣ ሆነ የሚለው ነው።

ሌሎቹን ነጥቦች አንድ በአንድ ብናይ እንደ ሆስፒታሉ ጠንካራ አይደሉም። «ኦርቶዶክስ ናት» የሚለውን እንውሰድ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በ451 የተካሄደውን የኬልቄዶን ጉባኤ ትቀበላለች፤ የኛ ተዋሕዶ አትቀበልም። ቅዳሴ ላይ አብረን አንቆርብም። ስሙ አንድ ስለሆነ ቤተሰብ ነን ማለት ይቻላል፣ ነገር ግን ከግብጽ ኮፕቶች፣ ከአርመኖችና ከሶርያውያን ጋር ያለን ዝምድና በጣም ይቀርባል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ አርመን ጎረቤት የሌለው ማን ነው? ስለ አርመን ሥልጣኔ ግን ቡና ላይ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ፑሽኪንን በተመለከተ፣ ቅድመ አያቱ አብራም ጋኒባል በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ ታላቁ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥት ያደገ መሆኑ የታወቀ ነው። በኛ በኩል ከመረብ ወዲያ ካለው አገር ነው ይባላል፤ ዛሬ ካሜሩን ጠረፍ ላይ ካለው ከሎጎን ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ፑሽኪን ራሱ በአፍሪካዊ ዘሩ ይኮራ ነበር፤ ስለ ጋኒባልም ልብ ወለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል። አዲስ አበባ በስሙ አደባባይ አላት፣ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንድ ሕፃን ተሸጦ ወይም ተሰርቆ በሌላ አገር ንጉሥ ቤት ማደጉ የሁለት ሥልጣኔዎች ወዳጅነት ማስረጃ መሆኑ ይገርመኛል።

«ቅኝ አልገዛችንም» የሚለው ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቃት አንዲት ታሪክ አለች። በ1889 መጀመሪያ ኒኮላይ አሺኖቭ የሚባል ጀብደኛ ከ150 የሚበልጡ ኮሳኮች፣ ካህናት፣ ሴቶችና ሕፃናት ይዞ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳጋሎ የምትባል ቦታ ወረደ። የመጣነው ለሐበሻ ኦርቶዶክሶች ነው አለ። አንድ የተተወ የግብጾች ምሽግ ውስጥ ገብቶም ቦታውን «አዲሲቱ ሞስኮ» ብሎ ሰየመው። ፈረንሳዮች ቦታው የኛ ነው፣ ባንዲራችሁን አውርዱ አሏቸው፤ እምቢ ሲሉ በየካቲት ወር ከመርከብ መድፍ ተኮሱባቸው። ከሞቱት ውስጥ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩበት። የሩሲያ መንግሥት ደግሞ አላውቃቸውም ብሎ ካደ። ታሪኩን ሳነብ አሳቀኝም አሳዘነኝም። ያ ሰው ተሳክቶለት ቢሆን ኖሮ «ቅኝ አልገዛችንም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዛሬ እንዲህ በድፍረት እንናገረው ነበር ወይ? እንግሊዝና ጣሊያን በቀይ ባሕር ዙሪያ ቦታ ሲይዙ ሩሲያም በር ትፈልግ ነበር። ምኒልክ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ መሣሪያውንም ሐኪሙንም ተቀበሉ፣ ማንንም ግን ጌታ አላደረጉም። ከጋሼዎቹ ይልቅ የምኒልክ አያያዝ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ቃል ልምጣ፤ ሥልጣኔ ወደሚለው።

ሩሲያ አገር ብቻ አይደለችም፣ የራሷ ሥልጣኔ ናት የሚለው አነጋገር ጋሼ ያመጡት አይደለም። በማርች 2023 የወጣው የሩሲያ የውጭ ፖሊሲ ሰነድ አገሪቱን ሥልጣኔም መንግሥትም የሆነች ብሎ ይገልጻታል። ፕሬዚዳንት ፑቲን ቃሉን ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብለውም ተጠቅመውበታል። ሥሩ ደግሞ ሩቅ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፊሎፌይ የሚባል የፕስኮቭ መነኩሴ ለሞስኮው ገዢ ሲጽፍ፣ ሁለቱ ሮሞች ወድቀዋል፣ ሦስተኛዋ ሞስኮ ናት፣ አራተኛ አይኖርም የሚል ሐሳብ አሰፈረ። በ1869 በሙያው የዓሣ ተመራማሪ የነበረው ዳኒሌቭስኪ «ሩሲያና አውሮፓ» በሚለው መጽሐፉ የሰው ልጅ አንድ ሥልጣኔ የለውም፣ እንደ ዕፅዋትና እንስሳት ብዙ ዓይነት አለ፣ የስላቮች ተራ ደርሷል አለ። የዚህ ኅብረት ዋና ከተማ እንድትሆን የመረጠው ግን የስላቮችን ከተማ አይደለም፤ ቁስጥንጥንያን ነው። የቱርኮች ከተማ መሆኗን ማን ጠየቀ?

ከነዚህ ጸሐፊዎች ሁሉ ልቤን የያዘው ትሩቤትስኮይ ነው። ልዑል ነበር፣ የቋንቋ ሊቅም ነበር። ከአብዮቱ ሸሽቶ በ1920 ሶፊያ ላይ ሆኖ «አውሮፓና የሰው ልጅ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የሚለው ቀላል ነው፦ አውሮፓውያን «የሰው ልጅ ሥልጣኔ» የሚሉት የራሳቸውን ልማድ ነው፤ ሌላው እንዲቀበለው የሚያደርጉትም ከሁሉ በላይ ነን ብለው ስለሚያምኑ ነው። ይህን የሚል ጥቁር ተማሪ ዛሬ ካምፓሳችን ላይ ቢናገር በጭብጨባ ነው የሚቀበሉት። እኔም አጨበጭብ ነበር። ከዚያ መጽሐፍ አካባቢ የበቀለው ግን ዩራሺያኒዝም የሚባለው ሐሳብ ነው፤ ሩሲያ አውሮፓም እስያም ያልሆነች ዓለም ናት፣ በዚያ ሰፊ ሜዳ የሚኖረውም ሕዝብ ሁሉ ዕጣው ከሷ ጋር ነው የሚል። ሐሳቡን የጻፉት በሶፊያ፣ በፕራግና በቪየና የተሰደዱ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። አገራቸውን ያጡ ሰዎች አገራቸውን በወረቀት ላይ እጅግ ትልቅ አደረጉት። ስደት ላይ ያደግሁ ስለሆንኩ ይህን ስሜት አውቀዋለሁ። ፌርፋክስ ላይ የምንሥላት ኢትዮጵያም ከካርታው ትበልጣለች።

እንዲያውም የኛም መጽሐፍ ይህንኑ አድርጓል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በግእዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ዓለምን ከኢየሩሳሌም መሃል ተነሥቶ ለሁለት ይከፍላታል፤ ግማሹ ለሮም ንጉሥ፣ ግማሹ ለኢትዮጵያ ንጉሥ። ታቦቱ እኛ ጋ ስለሆነ ደግሞ የምንበልጠው እኛ ነን። ሞስኮ ሦስተኛ ሮም ነኝ ከማለቷ በፊት አክሱም አዲሲቱ ጽዮን ነበረች። ስለዚህ የሩሲያው ሐሳብ ጆሯችን ላይ ሲደርስ እንግዳ አይሆንብንም፤ የራሳችን ዜማ ነው የሚመስለን።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይኸኛው የሚያም ነው። በአማርኛ ሥልጣኔና ሥልጣን አንድ ሥር አላቸው። በግእዝ ሠልጠነ ማለት ገዛ፣ ኃይል አገኘ ማለት ነው። ቋንቋችን እንዲህ አያይዞ ያስቀመጠውን ነገር አያቶቻችን በ1935 በሥጋቸው አወቁት። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር ጣሊያን ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ሰነድ ኢትዮጵያ ከሠለጠኑት አገሮች እኩል የመቀመጥ ብቃት የላትም አለች። ዋና ማስረጃዋ ባርነት ነበር። ባርነት መኖሩ እውነት ነው፤ በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለውም በ1942 ነው፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። ጣሊያን ግን ባሪያ ነፃ ለማውጣት አልመጣችም። በመርዝ ጋዝ ነው የመጣችው። ሥልጣኔ የሚለው ቃል ያኔ ሥራው አንድ ነበር፤ አንድን ሕዝብ ሳይጠይቁ ስለሱ መወሰን።

እንግዲህ «ሥልጣኔ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፣ ማንም ከማንም አይበልጥም» የሚል ሰው ሲመጣ ልባችን ቢሞቅ አይፈረድብንም። ይህ ግማሽ ትክክል ነው፣ እኔም እቀበለዋለሁ። የምጣላው ከሁለተኛው ግማሽ ጋር ነው፤ ሥልጣኔው እስከየት እንደሚደርስና ማን ውስጡ እንዳለ የሚወስነው ትልቁ መንግሥት ነው ከሚለው ጋር።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተረዳሁት። ፌርፋክስን ይዞ ወደ ሰሜን የሚሄደው 217 አውቶቡስ ከኛ ምግብ ቤቶች ተነሥቶ የአይሁድ ዳቦ ቤቶችን አልፎ ዌስት ሆሊውድ ያደርሳል። እዚያ ፕለመር ፓርክ አካባቢ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ብዙ ሰዎች ይኖራሉ። የመድኃኒት ቤቱ ማስታወቂያ በሩሲያኛ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ፓርኩ ውስጥ ቼዝና ዶሚኖ ይጫወታሉ። ከሩቅ ስታዩአቸው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ጋሼዎች ይመስላሉ፤ የሚጎድለው ጀበናው ብቻ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ክሊኒካል ልምምድ ላይ አንዲት አሮጊት ተመደቡልኝ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን እተወዋለሁ። ፋይላቸው ላይ «የሚመርጡት ቋንቋ፦ ሩሲያኛ» ይላል። ቀደም ባለው ቀን ማታ ሁለት ሦስት ቃል አጥንቼ ነበርና ጠዋት ገብቼ ደም ግፊታቸውን እየለካሁ «ዶብሮዬ ኡትሮ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኔም ደስ ስላለኝ በአስተርጓሚው ስልክ በኩል ጨመርኩ፦ አያቴ ስለ ሩሲያ ሐኪሞች ሲያወሩ ሰምቻለሁ፣ አገርዎ ለአገሬ ውለታ ውላለች አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አስተርጓሚዋ ቀስ ብላ መለሰችልኝ። የተወለዱት ኦዴሳ ነው። ሩሲያ ውስጥ አንድ ቀን ኖረው አያውቁም። የእኅታቸው ልጆች አሁንም ኦዴሳ ናቸው፣ ሌሊት ሌሊት ምድር ቤት ነው የሚያድሩት። ሲጸልዩም ሲሳደቡም በሩሲያኛ ነው። «ሩሲያኛ የኔ ነው፤ እኔ ግን የሩሲያ አይደለሁም» አሉ። ክንዳቸው ላይ የደም ግፊት መለኪያው ገና ታስሮ ነበር፣ ቁጥሩ ከፍ ብሎ አየሁትና አፈርኩ።

ፋይሉ ቋንቋን በአንድ ሳጥን፣ የትውልድ አገርን በሌላ ሳጥን ነው የሚጠይቀው። ሳጥኖቹን ያደባለቅኩት እኔ ነኝ። ለኔ የአንድ ጠዋት ስሕተት ነበር፤ መንግሥት ይህንኑ ሲያደርገው ግን ስሕተት መሆኑ ይቀርና ፖሊሲ ይሆናል። ፕሬዚዳንት ፑቲን በጁላይ 2021 ባወጡት ረጅም ጽሑፍ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው አሉ። ማስረጃቸው ቋንቋ፣ እምነትና የጥንቱ ኪየቭ ነበር። ስምንት ወር ሳይሞላ ታንኮቹ ገቡ። የሚያስገርመው፣ ስለ ሥልጣኔዎች ግጭት በመጻፍ የታወቀው አሜሪካዊው ሃንቲንግተን በ1996 መጽሐፉ፣ ዋናው ነገር ሥልጣኔ ከሆነ ሁለቱም ስላቭና ኦርቶዶክስ ስለሆኑ በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት የመነሣቱ ዕድል ዝቅተኛ ነው ብሎ ነበር። (ያው መጽሐፍ ኢትዮጵያን የሥልጣኔ ዘመድ የሌላት ብቸኛ አገር ብሎ ያልፋታል። ለጋሼዎቹ ይህንን አልነገርኳቸውም፤ ግማሹ ይኮራል፣ ግማሹ ይቆጣል።) አንድ ሥልጣኔ ናቸው የተባሉት ናቸው እርስ በርስ የተላለቁት።

ሩሲያን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስል የራሴንም ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እዚሁ ፌርፋክስ በርበሬ ልገዛ ገብቼ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጥርት ባለ አማርኛ ዋጋ ሲጠይቁ ሰማሁ። በጣም ደስ ብሎኝ «እማማ፣ የአገሬ ሰው ኖት!» አልኩ። ፈገግ አሉ፣ ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። «ኤርትራዊት ነኝ፣ ልጄ። አማርኛውን አዲስ አበባ ነው ያደግሁበት፤ በጦርነቱ ጊዜ ወጣን» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በርበሬዬን ይዤ ወጣሁ። ኦዴሳዋ አሮጊት የነገሩኝን ገና ሳልረሳው ነው እንግዲህ። በአማርኛ የሚያናግረኝን ሁሉ የኛ ነው ማለት ፍቅር ይመስለኝ ነበር። አሁንም ፍቅር ነው፤ ግን ያ ሰው ጥያቄ ሳይጠየቅ የሚመዘገብበት ፍቅር ነው። በአማርኛ እየተግባባ ኦሮሞ ነኝ፣ ትግራዋይ ነኝ፣ ሲዳማ ነኝ፣ ኤርትራዊ ነኝ የሚል ሰው ከቋንቋው አንዳች አልቀነሰም።

ይህን ነገር እንደ አገር ከማንም በፊት የምናውቀው እኛ ነን፤ የሚቆጨኝም መርሳታችን ነው። በ1977 ክረምት የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ምክንያቱ ምን ነበር? ቋንቋ፣ እምነት፣ ዘር፤ ሶማሌ የሚኖርበት ሁሉ ሶማሊያ ነው። ባንዲራቸው ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ ያለው ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች ለማመልከት ነው፤ አንደኛው ጫፍ ኦጋዴን ነበር። እኛ ያኔ የመለስነው በ1964 ካይሮ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያጸደቀውን ነው፦ ከቅኝ አገዛዝ ስንወጣ የነበረው ድንበር ይከበር፤ ድንበሩ ትክክል ስለሆነ አይደለም፣ በዘር እንለየው ካልን ማቆሚያ የለውም። አባቶቻችን ለዚህ ሞተዋል። ኦጋዴን ውስጥ ያሉ ሶማሌዎች ምን ይፈልጉ እንደነበር ያኔ የጠየቃቸው አለመኖሩ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሞቃዲሾም አልጠየቀቻቸውም፣ አዲስ አበባም አልጠየቀቻቸውም። ቢሆንም ወረራው ወረራ ነበር።

ደግሞ ያኔ የረዳን ማን ነበር? ሞስኮ! ዚያድ ባሬን ለዓመታት ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ፊቷን አዙራ ከኖቬምበር 1977 ጀምሮ ታንክና መድፍ በአውሮፕላን አመላለሰችልን፤ ከ10 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮችም መጡ፤ በማርች 1978 ጅጅጋ ነፃ ወጣች። «ቋንቋችንን የሚናገር ሕዝብ ያለበት መሬት የኛ ነው» የሚለውን ሐሳብ ለመመከት ሞስኮ ከጎናችን ቆመች ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2022 የኬንያው አምባሳደር ማርቲን ኪማኒ በጸጥታው ምክር ቤት የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ አፍሪካውያን በዘርና በቋንቋ ድንበር እናስተካክል ብንል ኖሮ እስካሁን እየተዋጋን ነበር አሉ። ያንን ንግግር ኢትዮጵያዊ ሊያደርገው ይገባ ነበር ብዬ ተናድጃለሁ። ማርች 2 ቀን 141 አገሮች ወረራውን ሲቃወሙ ኢትዮጵያ ድምፅ አልሰጠችም።

ለምን እንዳልሰጠች ይገባኛል። ያን ጊዜ የሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበርን፣ አሜሪካ ከአጎዋ ያስወጣችን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ነው፣ ሩሲያና ቻይና ደግሞ ጸጥታው ምክር ቤት ላይ ለመንግሥት ይከላከሉ ነበር። ኢራቅን የወረረች አገር ስለ ድንበር መከበር ስታስተምር የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ እኔም አለሁበት፤ እዚህ ተወልጄ አድጌ ግብር የሚከፍሉ ወላጆች ያሉኝ ስለሆንኩ እንዲያውም የበለጠ ይመለከተኛል። መንግሥት ጥቅሙን አስልቶ ዝም ቢል ያ ዲፕሎማሲ ነው። እኛ ግን መንግሥት አይደለንም። እኛ ያንን ዝምታ ወስደን ፍቅር አደረግነው። በአፕሪል 2022 አዲስ አበባ የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ለመዝመት የተሰለፉትን ወጣቶች ፎቶ አይታችሁ ይሆናል፤ ወረቀታቸውን ይዘው። ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም አለ። ብዙዎቹ ሥራና ደመወዝ ፍለጋ እንደነበሩ መገመት አያዳግትም። ግን «በዓድዋ ጊዜ ረድተውናል» ብለው የተሰለፉም እንደሚኖሩ ይታየኛል፣ ያንን ዓረፍተ ነገር እኛው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ስንደጋግመው ስለኖርን። ዕድሜያቸው የኔ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ባለፈው እሑድ ጋሼን ለብቻቸው አገኘኋቸው። ሲኒ አቀረብኩላቸውና ለብዙ ጊዜ የፈራሁትን ጠየቅኩ። ጋሼ በ1980ዎቹ ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ሱዳን የገቡ ሰው ናቸው፤ ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ያ እርስዎን ያሳደደው መንግሥት መሣሪያውን ከየት ነበር የሚያመጣው?» አልኳቸው።

ስኳሩን ረጅም ጊዜ አማሰሉት።

«ከሞስኮ ነዋ» አሉ። «እሱን መች አጣሁት።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ታናሽ ወንድሜ ሆዱን ታሞ ሊሞት ሲል ባልቻ ነው የወሰድነው። አንድ ራሱ በራ የሆነ ሩሲያዊ ሐኪም ቀዶ አዳነው። አማርኛ አይችል፣ እኛ ሩሲያኛ አንችል፤ እናቴ ጉልበቱን ልትስም ስትል በሁለት እጁ አነሣት። እሱ ሰውዬ ከየት ከተማ ይሁን አሁን አንቺ ስታወሪ ነው ያሰብኩት። ኦዴሳም ሊሆን ይችላል እኮ።»

ሊሆን ይችላል አልኳቸው። ቶናው መጣ።